ባንድ መምራት ለምትፈልጉ ልጆች

ሰሞኑን ከደብረ ማርኮስም ከቡሬም ከዳንግላም እየጻፋችሁ "ጋሼ ኮንዳክተር ለመሆን ከምን ልጀምር" የምትሉኝ በዝታችኋል፣ ለየአንዳንዳችሁ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ባቶኗን (መሪው በእጁ የሚይዛትን ቀጭን ዱላ) ለጊዜው ተዉአት። አራት ምት በእጅ ማሳየት ባንድ ከሰዓት ትለምዱታላችሁ፣ ሰው የሚያየው እሱን ስለሆነ ስራው እሱ ይመስለዋል እንጂ ዋናው ስራ ልጆቹ ሳይመጡ በፊት ብቻችሁን እስኮሩን (የሁሉም መሳሪያ ኖታ አንድ ላይ የተጻፈበትን) ይዛችሁ የምትሰሩት ነው።

የኮሌጅ ባንድ አስቸጋሪነቱ ምን መሰላችሁ፣ ተጫዋቹ ይመረቃል። ስንት ደክማችሁበት ትራምፔቱን መናገር ያስጀመራችሁት ልጅ ጋወን ለብሶ እልል ተብሎለት ይሄድና በአዲሱ ዓመት ኖታ አይቶ የማያውቅ ጆሮው ግን የሰላ ልጅ ይመጣል። ትሮምቦን የሚነፋ የለም፣ ሳክስፎን ግን አራት። ስለዚ ከውጭ የመጣ ዝግጁ ኖታ ዘርግቶ ሰው ጎደለኝ ብሎ ማማረር ዋጋ የለውም፣ ላሉት ልጆች ራሳችሁ መጻፍ አለባችሁ። ለዚ ደሞ ትራንስፖዚሽን (ያው አንድ ድምጽ ለየመሳሪያው በሌላ ኖታ የሚጻፍበትን) እንደ ስማችሁ ማወቅ ነው፦ ፒያኖው ቢ ፍላት የሚባለውን ድምጽ ሲመታ ለትራምፔቱና ለክላርኔቱ ሲ ትጽፉለታላችሁ፣ ለአልቶ ሳክስፎኑ ጂ። ይሄን ሳያውቅ ፊት የሚቆም ሰው ልጆቹ በሁለተኛው ቀን ይነቁበታል።

ቅኝት ላይ ደሞ የማርኮስ ብርድ ራሱን የቻለ መምህር ነው። ጠዋት ልምምድ ላይ መሳሪያው ቀዝቅዞ ድምጹ ወርዶ ታገኙታላችሁ፣ ጀማሪው ቶሎ ብሎ መቃኛዋን ቱቦ ወደ ውስጥ ይገፋታል፣ ትንሽ ሲነፋ መሳሪያው ይሞቅና በተራው ወደ ላይ ይወጣል፣ ከዛ እድሜ ልክ ሲገፉ ሲስቡ መዋል ነው። መጀመሪያ ረጅም ረጅም ድምጽ አስነፏቸው፣ ሲሞቅ ቃኙ። (የምረቃ ቀን ውጭ ፀሐይ ላይ አስቀምጠው "ለምን አልተስማማም" ለሚሉ ኃላፊዎች ግን መድኃኒት አላገኘሁም።)

ጎጃምና ብራስ ባንድ (የናስ መለከቶች ባንድ) ምን አገናኛቸው ለምትሉኝ፣ ራስ ተፈሪ በ1916 ከኢየሩሳሌም ያስመጧቸው አርባ የአርመን ወላጅ አልባ ልጆች የነፉበትን ባንድ የመራው ኬቮርክ ናልባንዲያን ነው፣ እሱ ዜማውን የሰራለት የንጉሡ ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ደሞ ግጥሙ የጎጃሙ የደብረ ኤልያስ ሰው የዮፍታሔ ንጉሤ ነው። ከቅኔ ቤት የወጣ ሰውና ባንድ መሪ አብረው ሰርተዋል ማለት ነው። እናንተም ማህሌት ቆማችሁ ያደጋችሁ ካላችሁ ወረቡ ቀስ ብሎ ተነስቶ ከበሮው እንዴት እንደሚያፈጥነው፣ ያ ሁሉ ሰው ሳይበታተን እንዴት አብሮ እንደሚሄድ ታውቁታላችሁ፣ ቴምፖ (የዜማውን ፍጥነት) መያዝ እሱ ነው። ይሄን ሀብት "የአብነት ነው" ብላችሁ አትደብቁት።

ከዜማ ቅኝቶቻችን አንቺሆዬን ለባንድ ስትጽፉ ግን ተጠንቀቁ። አዝማሪው በማሲንቆ የሚያስቀምጣት ድምጽ ፒያኖ ላይ ልክ አትገኝም፣ እሷን ፍለጋ ሁሉም ሲነፋ ጭቅጭቅ ይሆናል። እኔ ዜማውን ለአንድ መሳሪያ ሰጥቼ ሌሎቹን ከስር ድምጽ እንዲይዙ አደርጋለሁ፣ ትዝታ ላይ ይሄን ያህል ችግር የለም።

ደሞዙን ለጠየቃችሁኝ፣ ያው የመምህር ደሞዝ ነው፣ ላዩ ላይ የእቃ ግምጃ ቤት ጠባቂነትና የቫልቭ ዘይት ልመና ይጨመርበታል። ሪድ (ክላርኔቱ አፍ ላይ የምትታሰረው ስስ ሸምበቆ) ሲያልቅ ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ክላርኔቶቹ ዝም ይላሉ፣ የዛኔ ክፍላቸውን በአፍ አዘምሯቸው፣ እንደውም ሪድ ኖረም አልኖረም ሁሉም ክፍሉን ዘምሮ ነው መሳሪያ የሚያነሳው። ያሬድ ሙዚቃ ትምህርት ቤት መግባት የምትችሉ ግቡ፣ ካልሆነ ግን አንድ የምትወዱትን ዜማ ያዙና በአካባቢያችሁ ላሉት አራትም አምስትም ተጫዋቾች በእጃችሁ ጽፋችሁ አስነፉት፣ ከዛ የጻፋችሁትን ላኩልኝና አያለሁ፣ ብቻ በፎቶ ስትልኩ ደብዛዛ አታድርጉት ዓይኔ እንደድሮው አይደለም።