ላፕቶፑን ከመሸጥህ በፊት የስልኩን ቪዲዮ መርምር

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሠርጉን በአንድ ካሜራና በሁለት ስልክ ቀርጸሃል፤ ድምፁን ደግሞ ለብቻው በሪኮርደር ቀድተሃል። ፕሪሚየር በተባለው የቪዲዮ ማቀናበሪያ ፕሮግራም ላይ ስታጫውተው ምስሉ ይንቀራፈፋል፤ ሃያ ደቂቃ ሲሞላ የሰዎቹ አፍና ድምፅ ይለያያል። ስለዚህ ባለ 8 ጊጋባይት ራም ላፕቶፕህን ሸጠህ ሌላ ልትገዛ አስበሃል። እባክህ ቆይ። እዚህ ጅማ ሠርግ ስቀርጽና ሳቀናብር ዓመታት አልፈዋል፤ እነዚህን ሁለት ችግሮች አንድ አድርጎ ማየት ብዙ ገንዘብ እንደሚያስወጣ አውቃለሁ። መንቀራፈፉ የኮምፒውተር አቅም ጉዳይ ሊሆን ይችላል። ድምፁ እየራቀ መሄዱ ግን ከራም ጋር ምንም ዝምድና የለውም፤ አዲሱ ላፕቶፕ ላይም ያው ይጠብቅሃል።

ከድምፁ ልጀምር። አንድ ጊዜ ከከተማው ወጣ ብሎ በነበረ ሠርግ የሽማግሌ ምርቃት በስልክ ቀረጽኩ። ምርቃቱ ረዘመ፤ መሸ፤ የድንኳኑ መብራትም ደከመ። ቤት ገብቼ ከሪኮርደሩ ድምፅ ጋር ሳገጥመው መጀመሪያው ልክ ነበር። ወደ መጨረሻው ግን የሽማግሌው ከንፈር ገና እየተንቀሳቀሰ ሕዝቡ «አሜን» ይላል። ሁለት ሌሊት እየቆረጥኩ ገፋሁት፤ አንዱን ሳስተካክል ሌላው ያፈነግጣል። ምርቃት ቤተሰቡ ለልጅ ልጅ የሚያስቀምጠው ነገር ነው፤ እንዲያ ሆኖ ሊሰጥ አይገባም።

ምክንያቱን ያገኘሁት በኋላ ነው። ስልክ በሰከንድ 30 ፍሬም (ነጠላ ምስል) እቀርጻለሁ ቢልም ቁጥሩን አይጠብቅም። ብርሃን ሲያንሰው እያንዳንዱ ፍሬም በቂ ብርሃን እንዲያገኝ ብሎ ፍሬሞቹን ይቀንሳል፤ ሲግልም እንዲሁ። ማቀናበሪያው ፍሬሞቹ እኩል ርቀት አላቸው ብሎ ከቆጠረ ምስሉ ከድምፁ ይለያል። ለዚህ ትንሽ መዛነፍ ትበቃለች፤ በ30 እና በ29.97 መካከል ያለው ልዩነት እንኳ በአንድ ሰዓት ቪዲዮ ላይ 3.6 ሰከንድ ያህል ይሆናል።

ለማረጋገጥ ሜዲያኢንፎ የተባለውን ነፃ ፕሮግራም ጫንና የስልኩን ፋይል ክፈትበት። «ፍሬም ሬት ሞድ» (በሰከንድ የሚቀረጹት ፍሬሞች ቁጥር ዓይነት) ከሚለው ፊት ለፊት «ቫሪያብል» (ተለዋዋጭ) ካለ ጥፋተኛው ተገኘ። መፍትሔውም ነፃ ነው፦ ሃንድብሬክ የተባለውን የቪዲዮ መቀየሪያ ፕሮግራም ክፈት፣ የቪዲዮውን ገጽ ምረጥ፣ ፍሬም ሬቱን 30 አድርገህ ከሥሩ «ኮንስታንት ፍሬምሬት» (ቋሚ ፍሬም ሬት) የሚለውን ምልክት አድርግ፣ የጥራቱን መለኪያ ወደ 18 አስጠጋ፣ የድምፁን ሳምፕል ሬት (ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚለካ) 48 ኪሎኸርትዝ አድርግ። ይህን አንድም ቦታ ከመቁረጥህ በፊት ሥራው። ቆርጠህ ከጨረስክ በኋላ ፋይሉን ብትተካ መቁረጫ ቦታዎችህ ሊንሸራተቱ ይችላሉ። ዋናውን ፋይል ግን አታጥፋ።

የካሜራው ፍሬም ሬት ቋሚ ሆኖም ከሪኮርደሩ ጋር አንድ ሁለት ፍሬም ቢለያይ አትደንግጥ። ሁለቱ መሣሪያዎች የየራሳቸው ሰዓት ስላላቸው በረጅም ቀረጻ ትንሽ ይራራቃሉ። ማንም በማይናገርበት ቦታ ድምፁን ቆርጠህ በፍሬም በፍሬም አስጠጋው፤ ቃል መሃል አትቁረጥ። የሚገጥምበትን ነጥብ ስትፈልግ እልልታ ላይ አትድከም፤ እልልታ ቀስ ብሎ ተነሥቶ ስለሚዘረጋ በድምፁ ሞገድ ላይ የሚያዝ ጫፍ የለውም። የከበሮ ምት ግን እንደ መርፌ ቀጥ ብሎ ይታያል። ለሚቀጥለው ሥራህ ቀረጻው ሲጀመርም ሲያልቅም አንድ ጊዜ ጠንከር አድርገህ አጨብጭብ። መጀመሪያው ገጥሞ መጨረሻው ካልገጠመ መራራቅ ነው፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በእኩል መጠን ከዘገየ ደግሞ ድምፁን አንድ ጊዜ መግፋት ይበቃል። በብሉቱዝ ማዳመጫ እየሰማህ ግን በፍጹም አትፍረድ፤ ድምፁን ራሱ ያዘገየዋል። ባለ ገመድ ተጠቀም።

አሁን ወደ መንቀራፈፉ። አስቀድመህ አንድ ደቂቃ ኤክስፖርት አድርገህ (የተጠናቀቀ ቪዲዮ አድርገህ አውጥተህ) በተራ ማጫወቻ ተመልከተው። እዚያ ለስላሳ ከሆነ ሥራህ ደህና ነው፤ የሚደክመው ላፕቶፕህ ብቻ ነው። እዚያም የሚዘል ከሆነ ስልኩን በ30፣ ካሜራውን በ25 ቀርጸህ በአንድ ታይምላይን (ቅንጥቦቹን የምትደረድርበት መስመር) ደባልቀህ ይሆናል፤ በ25 ታይምላይን ላይ ከስልኩ ስድስት ፍሬም አንዱ ይጣላል። ይህን ምንም ዓይነት ኮምፒውተር አያድነውም። የሚረዳው ሁሉንም በአንድ ቁጥር መቅረጽ ነው።

ላፕቶፑ ከሆነ የደከመው፣ ፕሮክሲ ሥራ። ካሜራና ስልክ ቦታ ለመቆጠብ አንዱን ፍሬም በሙሉ ይይዙና ከዚያ በኋላ ባሉት ላይ የተለወጠውን ብቻ ይጽፋሉ። ስለዚህ አንዲት ፍሬም ለማሳየት ፕሮሰሰሩ ወደ ኋላ ተመልሶ ያለፉትን ይፈታል። ፕሮክሲ ማለት ለመቁረጫ ብቻ የምትይዘው ትንሽና ቀላል ቅጂ ነው፤ 1280 በ720 ይበቃል። ኤክስፖርት ስታደርግ ፕሪሚየር፣ ፕሮክሲ ተጠቀም ብለህ ካላዘዝከው በቀር፣ ዋናውን ፋይል ይወስዳል። እኔ ማታ አዝዤ እተኛለሁ፤ መብራት ካልጠፋ ጠዋት አልቆ አገኘዋለሁ።

ከሚሞሪ ካርድ ላይ በቀጥታ አታቀናብር። ውጫዊ ሃርድ ዲስክ ካለህም መሰኪያውን ተመልከት። በሰከንድ 100 ሜጋቢት የሚቀዳ ካሜራ 12.5 ሜጋባይት ማንበብ ይፈልጋል፤ ሦስት ስትደራርብ 37.5 ይደርሳል፣ የድሮው ዩኤስቢ 2 በተግባር የሚችለው እዚያው አካባቢ ነው። ብዙ ጊዜ ውስጡ ሰማያዊ የሆነው መሰኪያ ዩኤስቢ 3 ነው፤ እሱን ተጠቀም። መብራት ጠፍቶ በባትሪ ስትሠራም ላፕቶፕ ኃይል ለመቆጠብ ፍጥነቱን ይቀንሳል፤ በዚያች ሰዓት ባየኸው ተነሥተህ ማሽኑን አትውቀሰው።

የሜዲያኢንፎውን ውጤት ፎቶ አንሥተህ እዚሁ ለጥፍልኝ፤ የሁለቱንም ስልክ። ሪኮርደሩ በስንት ኪሎኸርትዝ እንደቀዳም ጨምርበት፤ ዛሬ ማታ አየዋለሁ።