ጥያቄና መልስ፦ ከባሕር ወጥተን በማግስቱ ደሴ ብንገባስ?

ጥያቄ፦ ሰላም እህቴ። እኔና ባለቤቴ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ነው የምንሠራው፣ ቤታችን ደሴ ነው። እቁባችን ሊወጣልን ስለሆነ ለአንድ ሳምንት ሞቅ ያለ ደሴት ሄደን ስኩባ ዳይቪንግ (የአየር ጋን አዝሎ ባሕር ውስጥ መጥለቅ) ብንማር ብለን አስበናል። ጓደኞቼ «ጅቡቲ አፍንጫችሁ ሥር እያለ ምን አስኬዳችሁ» ይሉናል፣ ዛንዚባር ይሻላል የሚልም አለ። እኔ ትንሽ እዋኛለሁ፣ እሷ ጭራሽ አትችልም። ብሩ ውስን ነው፣ የእረፍት ቀናችንም አጭር ነው። ምን ትያለሽ?

መልስ፦ አብሽር፣ ይቻላል! ግን ጓደኞችህ ያልነገሩህ አንድ ነገር አለ፣ እሱን ቆይቼ እመጣበታለሁ።

መጀመሪያ ጅቡቲ። መንገዱ ቅርብ መሆኑ እውነት ነው፣ በባቲ አድርጋችሁ ሚሌ፣ ከዚያ ጋላፊ፣ አለቀ። ችግሩ ከደረሳችሁ በኋላ ነው፣ ሆቴሉም ምግቡም ኪስ ያራግፋል፣ በመንገድ ያተረፋችሁትን በሁለት ሌሊት ትጨርሱታላችሁ። ከኅዳር እስከ ጥር አርታ አካባቢ ዌል ሻርክ ይመጣል። የዓለም ትልቁ ዓሣ ነው፣ ሰው አይነካም፣ ምግቡ ጥቃቅን የባሕር ነፍሳት ናቸው። እሱን ለማየት ከሆነ ጅቡቲ ሂዱ እላለሁ። ለመማር ግን ዛንዚባር።

ዛንዚባር ከአዲስ አበባ በአየር መንገዳችን ይኬዳል። ትልቁ ወጪ ትኬቱ ስለሆነ ቀን ስትመርጡ ብልጥ ሁኑ። በፈረንጆች ገናና በሐምሌና ነሐሴ ሁሉም ነገር ይወደዳል። ከመጋቢት አጋማሽ እስከ ግንቦት ርካሽ ነው፣ ግን ዋናው ዝናብ ነው፣ ከሆቴሎቹም የሚዘጉ አሉ። ለእናንተ ጥቅምት ወይም የካቲት ይመቻል። ረመዳን ላይ እንዳይወድቅ ግን ቀን ቁጠሩ። ሕዝቡ አብዛኛው ሙስሊም ስለሆነ መንደር ውስጥ የቀን ምግብ ቤት ማግኘት ያስቸግራል፣ ጿሚ ከሆናችሁ ደግሞ ውሃ ሳይጠጡ መጥለቅ ጥሩ አይደለም።

ሰው ሲያቅድ የሚረሳቸው ወጪዎች አሉ። ቪዛውን ከኤምባሲው ጠይቁ። የቢጫ ወባ ካርድ ያስፈልጋችኋል፣ ክትባቱ የሚጸናው ከ10 ቀን በኋላ ስለሆነ በመጨረሻው ሳምንት አትሯሯጡ። ከ2017 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ደግሞ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ ሰው በነፍስ ወከፍ 44 ዶላር የጉዞ ኢንሹራንስ ይከፍላል፣ ሌላ ኢንሹራንስ አለኝ ብትል አይሰማህም። ዶላሩን ፓስፖርት፣ ቪዛና ትኬት ይዛችሁ ከባንክ ጠይቁ።

እዚያ ስትደርሱ በደሴቲቱ ሰሜን ጫፍ ኑንግዊ በሚባለው መንደር ባሕሩ ዳር ያሉት ሆቴሎች አያጓጓችሁ። ትንሽ ወደ መንደሩ ገባ ስትሉ የእንግዳ ማረፊያዎች አሉ። ከስቶን ታውን፣ ከዛንዚባር አሮጌ ከተማ፣ ወደዚያ ታክሲ አትያዙ፣ «ዳላዳላ» የሚሉት ሚኒባስ አለ። ይጨናነቃል፣ ግን ለኛ ሰው ምን አዲስ ነገር አለው? ማታ ስቶን ታውን ካላችሁ ፎሮዳኒ የሚባለው መናፈሻ ላይ መንገድ ዳር ብሉ።

ኮርሱ «ኦፕን ወተር» ይባላል፣ ሦስት ወይም አራት ቀን ይፈጃል፣ እስከ 18 ሜትር ያስጠልቃል፣ ዋጋው ብዙ ጊዜ 500 ዶላር ገደማና ከዚያ በላይ ነው። የንድፈ ሐሳቡን ክፍል እቤት ሆናችሁ በኢንተርኔት ጨርሱት፣ የሆቴል ሌሊት ታተርፋላችሁ። ዕቃ አትግዙ፣ ይከራያል። ፊት ላይ ልክ የሚሆን መነጽር ግን የራሳችሁ ቢሆን አይከፋም። ጠላቂ የሚወዳት የምኔምባ ደሴት ስም ከተነሳ ደሴቲቱ የግል ናት፣ አትረግጧትም፣ የሚጠለቀው ዙሪያዋን ነው፤ ለጀልባውም ለመግቢያውም ይከፈላል። ለጀማሪ ስቶን ታውን ፊት ለፊት ያሉት ዓለቶች ይበቃሉ። እዚያው እ.ኤ.አ. በ1902 የሰመጠች «ግሬት ኖርዘርን» የምትባል የእንግሊዝ የኬብል መርከብ አለች፣ ጥልቀቷ 12 ሜትር ገደማ ስለሆነ ለእናንተም ትመቻለች።

አሁን ወዳልኩህ ነገር። ጠላቂ ውሃ ውስጥ የሚተነፍሰው የታመቀ አየር ነው፣ ኦክስጅን ብቻ እንዳይመስልህ፣ ናይትሮጅኑም አብሮ ነው ያለው። 10 ሜትር ስትወርድ ግፊቱ እጥፍ ይሆንና ናይትሮጅኑ ደምህና ሥጋህ ውስጥ ይሟሟል። ቀስ ብለህ ከወጣህ በትንፋሽ ይወጣል፣ ግን ሁሉም ወዲያው አይወጣም። ከፍታ ላይ ግፊት ስለሚቀንስ የቀረው ሰውነትህ ውስጥ አረፋ ሠርቶ ሊያሳምምህ ይችላል። ለዚህ ነው አንድ ጊዜ ከጠለቁ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት፣ ለብዙ ቀን ከጠለቁ ደግሞ ቢያንስ 18 ሰዓት ሳይቆዩ አውሮፕላን አይሳፈሩም የሚባለው።

ይኼ የተሰላው ለአውሮፕላን ጓዳ፣ ተሳፋሪ ለሚቀመጥበት ክፍል ነው። የጓዳው አየር ቢበዛ እንደ 2,400 ሜትር ከፍታ ነው። ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ሜትር ናት! ሰፈራችሁ ከአውሮፕላኑ ይብሳል ማለት ነው። በአዲስ አበባ በኩል በመኪና ከመጣችሁ ጣርማ በር ከ3,000 በላይ ያወጣችኋል። ጅቡቲ ጠልቆ በዚያው ቀን በሚሌ በባቲ አድርጎ ደሴ የሚገባ ሰው አውሮፕላን ስላልተሳፈረ ብቻ የዳነ ይመስለዋል፣ ግን ከባሕር ጠለል ተነስቶ ጦሳ ግርጌ ድረስ ወጥቷል። ከዚያ መገጣጠሚያው ሲያመው ወይም እጁ ሲደነዝዘው የደሴ ብርድ ነው፣ ቁርጥማት ነው ይላል። እንዲህ ካመማችሁ ሐኪሙን መጀመሪያ «ጠልቄ ነበር» በሉት።

ስለዚህ እዚያ በደረሳችሁ ማግስት መጥለቁን ጀምራችሁ ጨርሱት። ከመመለሻችሁ በፊት ሙሉ አንድ ቀን፣ ከተቻለም ከዚያ በላይ፣ ደረቅ ሁኑ፣ ገበያ ዙሩ፣ ተኙ። የእረፍት ቀን አጠረን ብላችሁ ይቺን ቀን እንዳትቆርጧት፣ ከቆረጣችሁ የመጥለቂያውን ቀን ቁረጡ።

ባለቤትህን በተመለከተ፣ ለኮርሱ 200 ሜትር መዋኘትና 10 ደቂቃ ውሃ ላይ መንሳፈፍ ግድ ነው። ሰዓት አይያዝባትም። ገንዳ ያለው ሆቴል ፈልጋችሁ በአሠልጣኝ ትጀምር። ሐይቅ ወስጄ አለማምዳታለሁ እንዳትል ብቻ፣ ያ ውሃ ከ80 ሜትር በላይ ጥልቀት አለው። እስከዚያ ካልደረሰላት በላይፍ ጃኬት ስኖርክል (ውሃው ላይ ተንሳፍፎ በቱቦ እየተነፈሱ ወደ ታች ማየት) ታድርግ። ርካሽ ነው፣ ዓሣውም ያው ነው።

ጥያቄ፦ እኔ የሰኞ ገበያ ልጅ ነኝ። ሳይነስ አለብኝ፣ ወደ ኮምቦልቻ ስወርድ ሐረጎ ላይ ጆሮዬ ይደፈናል። መጥለቅ እችላለሁ?

መልስ፦ በስልክ ወይም በመጽሔት የሚመለስ አይደለም፣ የጆሮ ሐኪም ይይህ። ግን ልንገርህ፣ ከደሴ ኮምቦልቻ ድረስ ስትወርድ የሚጨምረው የአየር ግፊት ውሃ ውስጥ አንድ ሜትር እንኳ አይሞላም። ሐረጎ ላይ ምራቅ ስትውጥ ቶሎ የሚከፈትልህ ከሆነ ተስፋ አለ። ኮምቦልቻ ደርሰህ ምሳ በልተህም እንደተደፈነ ከሆነ ይቅርብህ፣ የጆሮ ታምቡር ሊቀደድ ይችላል። ትምህርት ቤቶቹ የጤና ቅጽ ያስሞላሉ፣ አስምም ካለህ ሳትደብቅ ጻፍ። ጉንፋን በያዘህ ቀን ደግሞ ማንም ቢገፋፋህ አትግባ፣ የከፈልከው ገንዘብ ይቅር።