እናቴ ከመቀነቷ እየፈታች ትሰጠዋለች

ጥያቄ፦ የምኖረው ኮምቦልቻ ነው። 29 ዓመቴ ነው፤ ፋብሪካ እሠራለሁ። ታናሽ ወንድሜ 24 ዓመቱ ነው፤ ባጃጅ ይነዳል። ጥቅምት 2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲደርስብን በሽሽት ላይ እግሩ ተሰበረ። ለሕመሙ ትራማዶል ታዘዘለት። እግሩ ዳነ፤ ክኒኑ ግን አልቀረም። አሁን ከሰዓት ጫት ይቅማል፣ ማታ ክኒን ይውጣል። የባጃጁን የዕለት ገቢ ለባለቤቱ ስለማያስገባ ዕዳ አለበት። እናቴ ከእኔ ተደብቃ ከመቀነቷ እየፈታች ትሰጠዋለች። ስቆጣ «አባትሽስ ሲቅም አልኖረም?» ትለኛለች። አጎታችን ደግሞ «ሳዑዲ ይሂድ፣ እዚያ ይተወዋል» ስላለ ወርቋን ልትሸጥ ነው። ሰሞኑን ቤት ውስጥ ወድቆ ተንፈራገጠ፣ አረፋ ደፈቀ። ከእናቴ ጋር ተኳርፈናል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እህቴ፣ መጨረሻ ላይ ጣል ካደረግሻት ነገር ልጀምር፤ ከሁሉም የምትቀድመው እሷ ናት። ትራማዶል ሲበዛ ሰውን እንዲህ ይጥላል። አንዱ ፍሬ አብዛኛውን ጊዜ 50 ሚሊግራም ነው። ሐኪም ለአዋቂ ሰው በቀን ከ400 ሚሊግራም አያሳልፍም፤ ሱስ የያዘው ሰው ግን ፍሬ መቁጠር ይተዋል። ጫቱ ደግሞ እንቅልፍ ስለሚነሳ ያባብሰዋል። የክኒኑ ጣጣ ይሁን ሌላ በሽታ ሐኪም ይለየው። እስከዚያ ባጃጅ መንዳት የለበትም። ሦስት ሰው ጭኖ ቢጥለውስ? ድጋሚ ከጣለው በጎኑ አስተኙት፣ አፉ ውስጥ ምንም አትክተቱ፤ ክብሪት ማሽተቱም ይቅር። አምስት ደቂቃ ካለፈው ወይም ከተደጋገመበት ወደ ሆስፒታል ሩጡ።

ወደ አጎትሽ ምክር ልምጣ። ወሎ ውስጥ ላልተቃና ነገር ሁሉ መፍትሔው ሳዑዲ ሆኗል። ሥራ ላጣም ሳዑዲ፣ ትምህርት ለከበደውም ሳዑዲ፣ ከሚስቱ ለተጣላም ሳዑዲ። ለሱስ ግን አይሆንም። ትራማዶል የለመደ ሰው ክኒኑን ድንገት ሲያጣ በአንድ ቀን ውስጥ ላብ ያጠምቀዋል፣ አጥንቱን ይቆረጥመዋል፣ ተቅማጥ ይይዘዋል፣ እንቅልፍ በዓይኑ አይዞርም። አንዳንዱ ላይ ድንጋጤና መቃዠት ይጨመርበታል። ይህ ሁሉ በባቲ ወርዶ የአፋርን በረሃ ሲያቋርጥ ይምጣበት? ወይስ ጅቡቲ ዳርቻ ጀልባ ሲጠብቅ? ደላላ የታመመ ሰው ቆሞ አይጠብቅም። አጎትሽ በቪዛ በአውሮፕላን ይሂድ ቢሉ እንኳ ሱሱ አብሮት ይሳፈራል።

አሁን የእናትሽ ነገር። «አባትሽስ» ሲሉሽ አትከራከሪያቸው። አንቺ ስለ ሱስ የምታወሪ ይመስልሻል፤ እሳቸው የሚሰሙት ባላቸው ሲሰደቡ ነው። አባትሽ የቃሙት ምናልባት ሐሙስ ማታ፣ ዕጣን ጨሶ፣ ቡና ተፈልቶ፣ ዱአ ተደርጎ፣ ሽማግሌ መርቆ የሚበተንበት ጫት ይሆናል። ጫት ጫት ነው፤ እሱም ያስለምዳል፣ ጤናም ይጎዳል። ይሁን እንጂ ወንድምሽን መሬት ላይ የጣለው የአባቱ ጫት አይደለም። ይህን አንድ ጊዜ በግልጽ ንገሪያቸውና የአባትሽን ስም ከጭቅጭቁ አውጪው።

ብሩንስ? እናትሽ የሚሰጡት ሞኝ ሆነው አይመስለኝም። ባለገንዘብ በር ላይ መጥቶ ሲጮህ ጎረቤት እንዳይሰማ፣ ልጃቸው እንዳይደበደብ፣ እጁ ወደ ሰው ንብረት እንዳይዘረጋ ፈርተው ነው። ፍርሃታቸው ልክ ነው። ችግሩ ብሩ የሚወጣው ሁልጊዜ ልጁ ሐራራ ይዞት ሲነጫነጭና በር ሲያላጋ መሆኑ ነው። እናትሽ ሳያስቡት ጩኸቱን እየከፈሉት ነው። አንቺ ደግሞ በፊናሽ ደህና በሆነበት ሰዓት ታኮርፊዋለሽ፣ በመረቀነበት ሰዓት ቆመሽ ትመክሪዋለሽ። ለመረቀነ ሰው ምክር ምን ይሠራል?

ይገለበጥ። ጠዋት፣ ምንም ሳይወስድ፣ አብራችሁ ቁርስ ብሉ። ሳቁ። ስለ እግሩ ጠይቂው፤ ስለዚያ ስለ ሽሽቱ ጊዜም። ማንም ሳይጠይቀው የቀረ ይመስለኛል። ማታ ክኒን ውጦ ሲገባ ግን ስድብም ልመናም አይኑር፤ ራቱ ተከድኖ ይቀመጥለት፣ ካንቀላፋ በኋላ ግን ትንፋሹን አዳምጡ፣ ከዘገየ ወይም አልነቃ ካለ ሐኪም ጋ ይሂድ። ጥሬ ብር በእጁ አይሰጠው። ምግብ፣ ልብስ፣ የሕክምና ወጪ እናንተው ክፈሉ። አሜሪካ፣ ኒው ሜክሲኮ ውስጥ የመጠጥ ሱሰኛ ባለባቸው 130 ቤተሰቦች ላይ በ1999 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት አለ። እንዲህ ያለውን አያያዝ የሠለጠኑት 64 በመቶዎቹ ሰውየውን ለሕክምና ማብቃት ችለዋል። ዘመድ ሰብስቦ ማፋጠጥን ከተማሩት የተሳካላቸው 30 በመቶ ነበሩ። አገሩም ሱሱም ሌላ ነው፤ ቢሆንም አጎትሽ ሽማግሌ ልሰብስብ ካሉ ይህን አስቢበት።

ሕክምናው ሩቅ አይደለም፤ የሐረጎን ዳገት ወደ ደሴ መውጣት ነው። ደሴ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለው። ክኒኑን በራሱ ጊዜ አንድ ቀን ጥሎ እንዳይነሳ፤ መጠኑ በሐኪም ክትትል ቀስ እየተባለ ይቀነሳል። ፀበል ወይም ዱአ ከፈለገ አብሮ ይሂድ፤ ታስሮና መድኃኒት ተከልክሎ ግን አይሁን። ከቆመ በኋላ ሊመለስበት ይችላል። የአሜሪካው ብሔራዊ የዕፅ ሱስ ተቋም እንደሚለው ከታከሙት ከ40 እስከ 60 በመቶው ያገረሽባቸዋል፤ የደም ግፊት ታካሚዎችም ከዚያ የተሻሉ አይደሉም። አንድ ነገር ግን በደንብ ያዢልኝ፦ ለሳምንታት ያቆመ ሰውነት የድሮውን መጠን አይችልም። «እንደ ድሮዬ» ብሎ ከወሰደ፣ በተለይ ከመጠጥ ጋር፣ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። ይህን ደህና በሆነበት ቀን እሱም ይስማው።

ከእናትሽ ጋር ለመታረቅ ቡና አፍይ። ጨዋታውን በብሩ አትጀምሪው፤ ልጃቸው ወድቆ ሲንፈራገጥ አብራችሁ አይታችኋል፣ ከዚያ ጀምሪ። የምትጠይቂያቸውም አንድ ነገር ብቻ ይሁን፦ ወርቁ ከመሸጡ በፊት ሦስታችሁም ደሴ ደርሳችሁ እንድትመጡ።