መልስ፦ ዕልባቶቹ ተሻግረው የይለፍ ቃሎቹ ለምን ቀሩ?

ፋየርፎክስ የተባለውን የኢንተርኔት ማሰሻ ከአሮጌ ወደ አዲስ ኮምፒውተር ሲያዛውሩ ዕልባቶቹ ተሻግረው የይለፍ ቃሎቹ ለምን እንደቀሩ ጠይቀዋል። ቃሎቹ በአዲሱ ላይ ያልታዩት ከይለፍ ቃል ፋይሎቹ «ሎጊንስ ዶት ጄሰን»ን (logins.json) ብቻ ስለቀዱ ነው። ቃሎቹ እዚያ ውስጥ የተቀመጡት ተመስጥረው ነው፤ መፍቻቸው ያለው «ኪይ4 ዶት ዲቢ» (key4.db) በሚባለው ፋይል ውስጥ ነው። አንዱ ያለ ሌላው አይሠራም።

1. በአሮጌው ኮምፒውተር ከፋየርፎክስ የእርዳታ ምናሌ የመላ ፍለጋ መረጃውን ከፍተው ወደ ፕሮፋይል አቃፊው (ፋየርፎክስ የእርስዎን መረጃ ወደሚያስቀምጥበት) ይግቡ። በአዲሱም እንዲሁ።
2. ፋየርፎክስን በሁለቱም ላይ ይዝጉ፤ ይህን አይዝለሉ።
3. ሁለቱን ፋይሎች አንድ ላይ ቀድተው በአዲሱ አቃፊ ውስጥ ባሉት ይተኩ። በአዲሱ ላይ ያስቀመጧቸው ቃሎች ካሉ ግን ስለሚጠፉ አስቀድመው ይመዝግቧቸው።

ከልምዴ ደጋግሜ ያየሁት አደጋ ፋይሎቹ በተሻገሩበት ፍላሽ ላይ የሚረሳው ቅጂ ነው። በፋየርፎክስ ውስጥ የተቀመጡትን ቃሎች ሁሉ የሚቆልፈውን ዋና የይለፍ ቃል ካላበጁ ሁለቱን ፋይሎች ያገኘ ሰው ሁሉንም ያነባል። እባክዎ ሥራው እንዳለቀ ያጥፉት።