የልጅዎን ፍላጻ ከእንግዲህ አያስቆርጡ

አንድ የጅማ አባት እንዲህ ሲሉ ጠይቀውኛል፦ «ልጄ 12 ዓመቷ ነው፤ የምትስበው በቀኝ እጇ ነው። ቀስቷ 20 ፓውንድ ይላል። ስታድግም ያገለግላት ብዬ 500 የተጻፈበት የካርቦን ፍላጻ ገዛሁላት። ረዘመባት ተባለና ብየዳ ቤት በ25 ኢንች አስቆረጥኩት። አሁን ሁሉም ወደ ግራ ይሄዳል፣ ጅራቱ ይወዛወዛል፣ የቀስቱ እጀታም ተፋፍቋል። ማነጣጠሪያውን ባዞርም ለውጥ የለም። እሷ ደግሞ ዘንድሮ ቁመት ጨምራለች።»

ማነጣጠሪያውን ይተዉት። ወደ ግራ መሄዱና የእጀታው መፋፋቅ አንድ ላይ ከመጡ የምጠረጥረው አንድ ነገር ነው፦ ፍላጻው ለቀስቷ እጅግ ግትር ነው።

ከሁሉም በፊት ግን ይህን ይዩልኝ። ልጅቷ ሙሉ በሙሉ ስባ ሳትለቅ ትቁም፤ እርስዎ ከጎኗ ይመልከቱ። የፍላጻው ጫፍ ከማረፊያው (እጀታው ላይ ፍላጻው ከሚያርፍበት ቦታ) ቢያንስ ሁለት ኢንች፣ ሦስት ጣት ያህል፣ ወደ ፊት መውጣት አለበት። ከዚያ ካነሰ በዚያ ፍላጻ አትወርውር። ጫፉ ከማረፊያው ወደ ውስጥ ወድቆ ከለቀቀችው ቀስት የያዘችበት እጇ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ካዩ በኋላ ቀስ ብላ ትመልሰው። ገመዱን ባዶውን መልቀቅም አይቻልም፤ ቀስቱ ሊሰበር ይችላል።

አሁን ወደ ምክንያቱ። ፍላጻ ከቀስት እንደ ብረት ዘንግ ቀጥ ብሎ አይወጣም። ገመዱ ከጣቶቿ ሲንሸራተት ትንሽ ወደ ጎን ይላል። ኋላው በኃይል ይገፋል፤ ፊቱ ግን በጫፉ ክብደት ገና ቆሟል። ስለዚህ መካከሉ ይጎብጣል። አንዴ ወደ አንዱ ጎን፣ ቀጥሎ ወደ ሌላው፤ እንደ ዓሣ እየተጣጠፈ ነው የሚወጣው። ልኩ ሲገጥም ጅራቱ እጀታው ጋ ሲደርስ ወደ ውጭ ርቆ ያልፋል፤ ላባው ምንም አይነካም። ግትር ሲሆን ግን በበቂ አይጎብጥም። ጅራቱ እጀታውን ይመታና ፍላጻው ወደ ግራ ይሸሻል። የእርስዎ እጀታ ላይ ያለው ጭረት ይኸው ነው። 500 ማለት ዘንጉ በ28 ኢንች ርቀት በሁለት ድጋፍ ላይ ተጋድሞ መካከሉ ላይ 880 ግራም ሲንጠለጠልበት ግማሽ ኢንች ይጎብጣል ማለት ነው። 1000 ደግሞ አንድ ኢንች። ቁጥሩ ሲጨምር ፍላጻው ይለሰልሳል፤ ብዙ ገዢ በተገላቢጦሽ ይረዳዋል። ሲቆረጥ ደግሞ ይብሱን ይገትራል።

ቀስቱ ላይ የተጻፈው 20 ፓውንድም እስከ 28 ኢንች ሲሳብ ነው። እሷ 24 ወይም 25 ኢንች ብትስብ ነው፤ የምታገኘው ወደ 15 ፓውንድ ይሆናል። ለዚህ 500 ድንጋይ ነው። ከ1000 በላይ ቁጥር ያለው ይፈልጉላት፤ ወይም 1516 የተጻፈበት አሉሚኒየም (ይህ ቁጥር የዘንጉ ውፍረት ልክ ነው እንጂ እንደ ካርቦኑ የመጎበጥ ልክ አይደለም)። ለጀማሪ እኔ አሉሚኒየሙን እመርጣለሁ፤ ሲጎዳ መጣመሙ በዓይን ይታያል። ቁጥር ያልተጻፈበትን ርካሽ ፍላጻ አይንኩ። ስድስት ቢገዙ ስድስቱም ስድስት ዓይነት ናቸው።

ለእድገቷ የሚተዉላት ርዝመት ነው እንጂ ግትርነት አይደለም። ስትስብ ጫፉ ከማረፊያው ሦስት ጣት ከሚወጣበት ልክ ላይ ሁለት ወይም ሦስት ኢንች ይጨምሩ፤ ቁመት ስትጨምር ከዚያ ላይ ትበላለች። ያ ትርፍ ሲያልቅ ይቀየራል። በየሦስት ወሩ ስባ እያለች ይለኩ፤ ጫፉ ወደ ማረፊያው ሦስት ጣት ከቀረበ ያቁሙ። ይህን ደጋግሜ የምለው ለእጇ ፈርቼ ነው።

ብየዳ ቤት መቆረጡ አናዶኛል። ካርቦን በብረት መጋዝ ሲቆረጥ አፉ ይሰነጠቃል፤ ጫፉን በሱፐር ግሉ ማጣበቅ አያድነውም። እያንዳንዱን ዘንግ በትንሹ እያጎበጡና እያዞሩ ጆሮዎን ያስጠጉ። «ቀጭ» ካለ ወይም ስንጥር ካዩ አለቀለት፤ ሲለቀቅ ፈንድቶ እጅ ይወጋል።

አናጺ በእንጨት ይሥራላት የሚል ምክር ከመጣ፣ ለባለሦስት እግር በርጩማ የጅማን አናጺ የሚያህል የለም። ለፍላጻ ግን የእንጨቱ የተፈጥሮ መስመር ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጥ መሄድ አለበት፤ የእኛ ክረምት ደግሞ ቀጭን ዘንግ ያጣምማል።

አዲሱ ሲመጣ የአንዱን ላባ ነቅላችሁ በ10 ሜትር ሞክሩት። ባዶው ከሌሎቹ ትንሽ ወደ ግራ ካረፈ ከበድ ያለ ጫፍ ይገጠምለት፤ ወደ ቀኝ ካረፈ ቀለል ያለ። የተሰነጠቁትን በጨርቅ ጠቅልለው ይጣሉ። ደህና የመሰሉትንም ለታናናሾቿ አያስቀምጡ፤ ለእነሱ ከእሷም ይበልጥ ግትር ናቸው።