ደጋ ላይ ወጥ ለምትጀምሩ ልጆች

ለሥራም ለትምህርትም ብላችሁ ደብረ ብርሃን ቤት የተከራያችሁ ልጆች፣ ይህን የምጽፈው ለእናንተ ነው። ዕድሜዬን የጨረስኩት በሆቴል ማድ ቤት ነው። ስንት ጀማሪ ከጎኔ ቆሞ ድስት ጥዷል። አብዛኞቹን የሚያስቸግራቸው ሰዓት ነው። ስልካቸው ላይ ያለው ቪዲዮ 20 ደቂቃ ካለ፣ በስሎም ሳይበስልም በ20 ደቂቃው ያወርዱታል።

ቪዲዮው የት ሆናችሁ እንደምታበስሉ አያውቅም። ደብረ ብርሃን ከባሕር ጠለል በላይ 2,800 ሜትር አካባቢ ናት። ከፍታ ሲጨምር የአየር ግፊት ይቀንሳል፤ ውሃም በዝቅተኛ ሙቀት ይፈላል። እዚህ ውሃ የሚፈላው በ91 ዲግሪ ገደማ ነው። የጣርማበርን ቁልቁለት ወርዳችሁ ሸዋ ሮቢት ስትደርሱ ወደ 96 ይጠጋል። ለዚህ ነው ቆላ ቶሎ የሚበስል አተር ክክ እዚህ አልበስል ብሎ የሚያናድዳችሁ። እሳቱን ብታንቦገቡጉት ድስቱ ይንተከተካል እንጂ ሙቀቱ አይጨምርም፤ ውሃው ተኖ ያልቅባችኋል። ክዳኑን ግጠሙ፣ እሳቱን መጥኑ፣ ጊዜ ስጡት። ባቄላና ሽምብራ ከሆነ ማታውኑ ዘፍዝፉት። ፕሬዠር ያለው ሰው ተገላገለ፤ እንፋሎቱ ታፍኖ ስለሚቀር ውሃው ይበልጥ ይግላል።

መጀመሪያ ሽሮ ልመዱ። ለጾምም ለፍስክም ይሆናል፣ ዱቄቱ ከቤተሰብ ይላካል፣ ቢበላሽም ኪስ አይጎዳም። የሽሮ ጣዕም የሚወሰነው ቁሌቱ ላይ ነው። ሽንኩርቱን አድቅቃችሁ ክተፉና መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ በመጠነኛ እሳት አቁላሉት። ውሃውን ይተፋል፣ መልሶ ይመጠዋል፣ ቀለሙ ይለወጣል። ዓይን የሚያቃጥለው የጥሬ ሽታ ጠፍቶ ጣፋጭ ሽታ ሲመጣ ደርሷል ማለት ነው። ከዚያ በፊት መያዝ ከጀመረ ጠብታ ውሃ ጣል አድርጉበት። ይሄን ያህል ቆሞ መጠበቅ ያሰለቻል፣ አውቃለሁ። ግን እዚህ ጋ የተቸኮለበትን ወጥ በኋላ ቅቤም አያድነውም።

ቀጥሎ ዘይት፣ ከዚያ ነጭ ሽንኩርት። ሽሮው ምጥን ከሆነ ሌላ በርበሬ አያስፈልገውም። ነጭ ሽሮ ከሆነ በርበሬውን ጨምሩና ውሃ ጠብ ጠብ እያደረጋችሁ አብስሉት። በደረቅ ዘይት ያረረ በርበሬ ይመራል፤ ደፍቶ እንደገና መጀመር ይሻላል። ከዚያ ውሃ ጨምሩበት፤ ውሃው ሲፈላ ዱቄቱን በአንድ እጅ እየነሰነሳችሁ በሌላው አማስሉ፣ አለዚያ ይጓጉላል። ዘይቱ ወደ ላይ ወጥቶ ሲታይ በስሏል። ጨው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከማማሰያው መዳፋችሁ ላይ ጠብ አድርጋችሁ ቅመሱ።

«ወንድ ልጅ ማጀት ምን ይሠራል» ለምትሉ ደግሞ አንዲት ነገር። እኔ በሠራሁባቸው ሆቴሎች ትልቁን ድስት የሚያማስለው ብዙውን ጊዜ ወንድ ነበር። በደመወዝ ሲሆን የማያሳፍር ነገር ለገዛ ሆድ ሲሆን ለምን ያሳፍራል?

አሁን ቀልድ የሌለበት ነገር። መብራት ይጠፋል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል፣ እናንተም ከሰል አያይዛችሁ ምድጃውን ወደ ክፍላችሁ ታስገባላችሁ። ከሰል ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ሽታም ቀለምም የሌለው ጋዝ ያወጣል። በተዘጋ ቤት ውስጥ እንቅልፍ እንደወሰዳችሁ ይገድላል። ጭሱ አልቆ ፍሙ ቀልቶ ስታዩት ደህና ይመስላችኋል፤ ጋዙ ግን ያኔም አለ። ውጭ አብስሉ፣ ውጭ ተውት። ለብርዱ ጋቢ ደርቡ።

እንጀራ መጋገሩን ለጊዜው ተዉት። የሚሸጥ ሞልቷል፤ ሁሉን ባንድ ጊዜ ልልመድ ያለ ሰው ሁሉንም ሲተው አይቻለሁ። አልሰማም ብሎ የምንጃር ጤፍ ያስፈጨ ካለ ግን ይሄን ይወቅ፦ በዚህ ብርድ ሊጥ ቶሎ አይቦካም። ቆላ ያለች እናቱ በስልክ የነገረችውን ቀን አይቁጠር። ሊጡን ሞቅ ያለ ቦታ ያስቀምጠው፣ እርሾው ከላይ ጠልሎ እስኪታይ ይጠብቅ፤ አብሲቱን፣ ማለትም ከሊጡ ተቀንሶ በውሃ የሚበስለውን፣ የሚጥለው ከዚያ በኋላ ነው።