የት ላይ እንደሚሞቅ ንገረኝ፤ ስለ ፋኑ ከዚያ እናወራለን

የመኪና ኤሌክትሪክ፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን አሉ? የምጽፍልዎ ከደጀን ነው። የምሠራበት መኪና ቶዮታ ሃይሉክስ ፒክአፕ ነው፤ ሞተሩ 5ኤል ናፍጣ። ጤፍ እየጫንኩ አዲስ አበባ እመላለሳለሁ፣ ብዙ ጊዜ 10 ኩንታል እጭናለሁ። ከዓባይ ድልድይ ወደ ጎሃ ጽዮን ስወጣ፣ በተለይ ከባድ መኪና ከፊቴ ገብቶ በሁለተኛ ማርሽ ካስጎተተኝ፣ የሙቀት ጌጁ ወደ ቀዩ ይጠጋል። ሜካኒኩ የፋኑ ክላች ሞቷል ብሎ አወጣውና ከሶማሌ ተራ የገዛሁትን የቪትዝ ኤሌክትሪክ ፋን ገጠመልኝ። ገመዱን ከባትሪ አምጥቶ ዳሽቦርዱ ላይ ከሰካው ማብሪያ ጋር አገናኘው። ብዙም ሳይቆይ ማብሪያው ቀለጠ፣ ጢስ ሸተተኝ። አሁን ዳገቱ ጋ ስደርስ ቆሜ ገመዱን በቀጥታ ባትሪው ላይ አስራለሁ። ጌጁ ግን አሁንም ይወጣል። ምን ባደርግ ይሻላል? አንድ ፋን ይበቃል ወይስ ሁለት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ከሁሉ አስቀድሜ አንድ ነገር ልለምንህ። ያንን ባትሪ ላይ የምታስረውን ገመድ ፊውዝ ሳታስገባበት ዓባይ በረሃን አትውረድ። የመኪና ባትሪ ፖዘቲቩ ብረት ከነካ በአንድ ጊዜ መቶዎች አምፒር ይለቃል። የገመዱ ልባስ ኮፈኑ ሥር ባለ ስለታም ቆርቆሮ ተፍቆ ሻንሲውን ቢነካ፣ መሐል ላይ የሚበጥሰው ነገር ስለሌለ ገመዱ ፍም እስኪሆን ይግላል፤ ከጎኑ ደግሞ የናፍጣ ቱቦ አለ። ማብሪያው ቀልጦ ብቻ መቅረቱ እግዚአብሔር አወጣህ ያሰኛል።

አሁን ወደ ጥያቄህ እንምጣ። ሞቀብኝ ብሎ ለሚመጣ ሰው ሁሉ መጀመሪያ የማቀርበው ጥያቄ የት ላይ ነው የሚሞቀው የሚል ነው። ሜዳ ላይ በ80 ስትነዳ ነፋሱ ራሱ ራዲያተሩን አቋርጦ ያልፋል፤ ፋን ኖረም አልኖረም ብዙ ለውጥ አያመጣም። እዚያ ላይ የሚሞቅ መኪና በሽታው ሌላ ነው። ወይ ራዲያተሩ ተደፍኗል፣ ወይ ውሃውን ሲሞቅ ወደ ራዲያተሩ የሚያሳልፈው ቴርሞስታት አይከፍትም፣ ወይ የውሃ ፓምፑ ደክሟል፣ አለዚያም የቴስታታው (የሞተሩ ራስ) ማሸጊያ፣ ጓርኒሲዮኑ፣ ተበልቷል። እንዲህ ያለ መኪና ላይ አራት ፋን ብትደረድር አይበርድም፤ ገንዘብህ ብቻ ያልቃል። አንተ የገለጽከው ግን ሞተሩ ሙሉ ጉልበቱን እየሰጠ፣ መኪናው እየተንፏቀቀ፣ ከፊት ነፋስ የማይገባበት ሁኔታ ነው። ይሄ የፋን ሥራ ነው። ሜካኒክህ በሽታውን አግኝቶታል፤ የተቸገርከው በመድኃኒቱ ነው።

ፋኑ ላይ ከመድረሳችን በፊት የራዲያተሩን ክዳን አይተህ ታውቃለህ? በርካሽ ዋጋ የሚገዛ ዕቃ ስለሆነ ማንም ልብ አይለውም፤ ለእኛ አገር ከፍታ ግን በጣም ያስፈልጋል። ውሃ ባሕር ጠለል ላይ በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ጎሃ ጽዮን ከፍታ፣ ወደ 2,500 ሜትር ላይ፣ በ92 አካባቢ ይፈላል። ጤነኛ ሞተር ደግሞ ጭኖ ዳገት ሲወጣ ከዚያ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ውሃው እንዳይፈላ የሚይዘው ክዳኑ የሚፈጥረው ግፊት ነው፤ 0.9 የተጻፈበት ክዳን በዚያ ከፍታ ላይ የመፍያውን ሙቀት ከ110 በላይ ያደርሰዋል። ጎማው የደረቀ ወይም ስፕሪንጉ የላላ ክዳን ግን ግፊቱን ይለቀዋል፣ አንተም ፋኑን ትረግማለህ። በአዲስ ቀይረው። ሞተሩ ሳይበርድ እንዳትከፍተው፤ በዚያ የፈላ ውሃ ፊቱ የተቃጠለ ሰው አውቃለሁ።

ስለ ክላች ፋኑ ሐሳቤን በግልጽ ልንገርህ፦ 10 ኩንታል ጭኖ ዓባይን የሚወጣ ፒክአፕ የእኔ ቢሆን፣ የፋብሪካውን ፋን ነው የምመልስለት። ያ ትልቅ ፋን ጉልበቱን የሚወስደው በቀጥታ ከሞተሩ ነው፤ ዙሪያውን በከበበው ፕላስቲክ መከለያ ውስጥ ሆኖ የሚስበውን አየር፣ ለትንሽ የቤት መኪና የተሠራ የቪትዝ ፋን አይስበውም። የክላቹ አሠራር ረቂቅ ቢመስልም ቀላል ነው። ውስጡ የሲሊኮን ዘይት አለ፤ ከራዲያተሩ የሚመጣው አየር ሲሞቅ ፊቱ ላይ ያለው የብረት ጥቅል ይጠማዘዝና ዘይቱን ይለቅለታል፣ ፋኑም ከሞተሩ ጋር ተያይዞ ይዞራል። ዘይቱ ሲያልቅ ፋኑ በደካማው ብቻ ይዞራል። ሞተሩ በደንብ ሞቆ ከጠፋ በኋላ፣ ቁልፉን ነቅለህ፣ ፋኑን በእጅህ ስታሽከረክረው ሊከብድህ ይገባል። ያለ ምንም መያዝ ብዙ ዙር ከዞረ፣ መሐሉ ላይም አቧራ የተጋገረበት ቅባት ካየህ፣ ሞቷል ማለት ነው። ግን ብዙዎቹ የቶዮታ ክላቾች ተፈትተው ዘይታቸው ይሞላል። ዘይቱን ቶዮታ ራሱ በትንንሽ ቱቦ ይሸጠዋል፣ ዋጋውም ከአዲስ ክላች ጋር አይወዳደርም። አሮጌውን ካልጣልከው ፈልገህ አውጣው፣ የሚሞላ ባለሙያም ጠይቅ።

ክላቹ አልሆነም፣ ኤሌክትሪኩ ይቀጥል ካልክ፣ እንግዲያው በወጉ እንሥራው። አንድ የቪትዝ ፋን አይበቃህም። ሁለት ፋን፣ ወይም አንድ ትልቅና ጠንካራ ፋን፣ የራዲያተሩን ፊት በሙሉ ከሚሸፍን መከለያ ጋር ያስፈልግሃል። መከለያ የሌለው ፋን የሚስበው ከፊቱ ካለው ክብ ብቻ ነው፤ የቀረው የራዲያተር ክፍል ሥራ ፈት ይሆናል። ማሰሪያው ላይ ደግሞ ተጠንቀቅ። አንዳንዱ የፕላስቲክ ዘንጎችን በራዲያተሩ ክንፎች መሐል አሳልፎ ያስረዋል። አስፋልት ብቻ በሚነዳ መኪና ላይ ይቆይ ይሆናል፤ እርሻ ድረስ በኮረኮንች ለሚገባ መኪና ግን ዘንጉ ከንዝረቱ ጋር እየፈገፈገ የውሃ መሄጃውን ይበሳዋል። የብረት ማያዣ አሠርተህ፣ በጎማ ደግፈህ፣ በራዲያተሩ ፍሬም ላይ በቡሎን እሰረው።

ከሞተሩ በኩል የገጠምከው ፋን አየሩን ከፊት ወደ ሞተሩ መሳብ አለበት። ፋኑን አስነሳና ከራዲያተሩ ፊት ወረቀት ያዝ፤ ተስቦ ካልተለጠፈ በተቃራኒ እየዞረ ነው፣ ከመንገዱ ነፋስ ጋር ይጋፋል። ሁለቱን ገመዶች ብታቀያይራቸው አቅጣጫው ይቀየራል፣ ነገር ግን የፋኑ ምላስ ለአንድ አቅጣጫ የተቀረጸ ከሆነ ጉልበቱ ይወርዳል። ስትገዛ የሚስብ ዓይነት መሆኑን አረጋግጥ።

አሁን ወደ ገመዱ። ማብሪያህ ለምን ቀለጠ? ደህና ፋን 25 አምፒር ያህል ይወስዳል፤ ሲነሳ ለቅጽበት ከዚያ እጥፍ በላይ ይጠይቃል። ያን ሁሉ በአንዲት የዳሽቦርድ ማብሪያ ነው ያሳለፍከው። ገመዱም እንደገመትኩት 1.5 ሚሊሜትር ካሬ የሆነ የቤት መብራት ገመድ ከሆነ፣ ከባትሪ ዳሽቦርድ ደርሶ ተመልሶ ፋኑ ጋ ሲመጣ 6 ሜትር ይሆናል። በዚያ ርዝመት ወደ 1.75 ቮልት ይጠፋል፤ ከ40 ዋት በላይ ኃይል ገመዱን ያሞቃል ማለት ነው። ፋኑም በዚያው ልክ ደከም ብሎ ይዞራል። የቤት ገመድ አንድ ወጥ ሽቦ ስለሆነ በሞተር ንዝረት ይሰበራልም። የመኪና ገመድ፣ ብዙ ቀጫጭን ሽቦ ያለው፣ ለአንድ ፋን 6 ሚሊሜትር ካሬ ግዛ፤ ሦስት ሜትር ቢሆን የሚጠፋው ሩብ ቮልት አይሞላም።

መሐል ላይ የሚገባው ሪሌ ነው፣ በትንሽ ኤሌክትሪክ ታዝዞ ትልቁን የሚያበራ ማብሪያ፣ ባለ 40 አምፒር። ገልብጠህ እግሮቹን ብታይ ቁጥር ተጽፎባቸዋል። ከባትሪው ፖዘቲቭ የሚመጣው ወፍራም ገመድ በፊውዝ አልፎ 30 ላይ ይገባል። ፊውዙ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር በላይ አይራቅ፤ ከፊውዙ በፊት ያለው ገመድ ጠባቂ የለውምና። ለ25 አምፒር ፋን ባለ 40 ፊውዝ ይሆናል። ከ87 ወጥቶ ወደ ፋኑ ፖዘቲቭ ይሄዳል። 86 ቁልፍ ሲከፈት ብቻ ኤሌክትሪክ ከሚያገኝ ቀጭን ገመድ ጋር፣ በ5 አምፒር ፊውዝ አድርገህ ታገናኘዋለህ። 85 ውሃው ሲሞቅ ራሱ ወደሚበራው የሙቀት ማብሪያ ሄዶ ከዚያ ማሳ (ከባትሪው ኔጋቲቭ ጋር የተያያዘው የመኪናው ብረት) ላይ ይታሰራል። አምስት እግር ያለው ሪሌ ከሰጡህ መሐሉ ላይ ያለውን 87ኤ አትንካው፤ እሱ ሪሌው ሳይሠራ ነው ኤሌክትሪክ የሚሰጠው።

ዳሽቦርድ ላይ ማብሪያ መፈለግህ ጥሩ ነው፣ አትተወው። ግን ከ85 በሌላ ቀጭን ገመድ ወደ ማብሪያው፣ ከማብሪያው ወደ ማሳ አድርገው። ያኔ የሚያልፍበት የሪሌው ጥቅል የሚወስደው ብቻ ነው፣ አንድ አምፒር እንኳ አይሞላም። ድልድዩን እንደተሻገርክ ጌጁ ሳይነሳ ታበራዋለህ፤ የሙቀት ማብሪያው ቢበላሽም አያስቀርህም።

የሙቀት ማብሪያው ከቴርሞስታትህ ጋር መስማማት አለበት። ቴርሞስታቱ ላይ 82 ወይም 88 ተጽፎ ታገኛለህ፤ 82 ከሆነ በ92 በርቶ በ87 የሚጠፋ ማብሪያ ይስማማዋል። 88 ከሆነ ግን ይኸው ማብሪያ ፋኑን አያሳርፈውም፤ ከዚያ ከፍ ያለ ፈልግ። ብዙ ጊዜ የሚገጠመው የላይኛውን የራዲያተር ጎማ ቆርጦ በሚገባ የብረት መገጣጠሚያ ላይ ነው። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል፦ መገጣጠሚያው በሁለት በኩል ጎማ ይዞታል፣ ጎማ ደግሞ ኤሌክትሪክ አያሳልፍም፤ ስለዚህ ማብሪያው ማሳ የለውም። ባለ ሁለት እግር ማብሪያ ግዛና አንዱን እግር በገመድ ሻንሲ ላይ እሰር። የፋኑንም ማሳ ቀለሙን ፍቀህ ብረቱ እስኪያበራ አጽድተህ በቡሎን አጥብቀው፤ ከተቻለ በቀጥታ ወደ ባትሪው ኔጋቲቭ ውሰደው።

ለሁለት ፋን ሁለት ሪሌና ሁለት ፊውዝ አድርግ፤ አንዱ ቢቃጠል ሌላው ጎሃ ጽዮን ያደርስሃል። መጋጠሚያዎቹን በደንብ ጨምቀህ አያይዝ፤ ጠምዝዞ በናስትሮ (በሚጣበቅ ፕላስተር) መጠቅለል ለዚህ አምፒር አይሆንም። ባትሪውን የሚሞላውን ዲናሞህንም ተመልከት። ሁለት ፋን 50 አምፒር ከጠየቀ፣ የፊት መብራት ሌላ 10 ያህል ይጨምራል። ዲናሞው ላይ የተጻፈው አምፒር ከዚህ በብዙ ካልበለጠ ማታ ባትሪህ ይደክማል፤ ሞተሩ በዝግታ ሲዞር ዲናሞው የተጻፈበትን ያህል አይሰጥምና።

ሥራው ሲያልቅ ፋኑ እየዞረ በመለኪያ ባትሪው ላይ ያለውን ቮልት፣ ቀጥሎ ፋኑ ሶኬት ላይ ያለውን ለካ። ልዩነቱ ከግማሽ ቮልት ካለፈ አንድ ቦታ የላላ ወይም የቀጠነ ነገር አለ። ከአሥር ደቂቃ በኋላ የሪሌውን ሶኬት በጣትህ ንካው፤ ለብ ማለቱ ያለ ነው፣ የሚያቃጥል ከሆነ ግን እግሩ ላይ ያለው መያዣ ላልቷል። የቀለጠ ሶኬት ሁልጊዜ የሚጀምረው እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ 30 ወይም 87 እግር ጋ ፕላስቲኩ ይጠቁራል፣ ቀጥሎ የገመዱ ጫፍ ይደርቃል። በዚህ ደረጃ ካገኘኸው ሶኬቱንና የገመዱን ጫፍ ብቻ ቀይረህ ትገላገላለህ።

ጥያቄ፦ ከሀዋሳ ነው። መኪናዬን አጥፍቼ ከወረድኩ በኋላ ፋኑ ይዞራል። ችግር ይሆን?

መልስ፦ እህቴ፣ ጥቂት ደቂቃ ዞሮ የሚቆም ከሆነ አያስቡ፤ ብዙ መኪኖች እንዲህ ሆነው ነው የተሠሩት። የማይቆም ከሆነ፣ ወይም ጠዋት ሞተሩ ቀዝቅዞ ሳለ ቢዞር፣ የፋኑን ሪሌ ይንቀሉት። ሲነቅሉት ከቆመ፣ ተመሳሳይ ሪሌ ይሰኩበት። በአዲሱ ፋኑ ዝም ካለ፣ የአሮጌው ውስጥ ያሉት ሁለት ብረቶች ተበያይደዋል ማለት ነው። በአዲሱም ከዞረ ግን ችግሩ የሙቀት ማብሪያው ወይም ገመዱ ነውና ባለሙያ ይየው። እስከዚያው ባትሪዎ አድሮ እንዳያልቅ መኪናውን ሲያቆሙ ሪሌውን ነቅለው ይደሩ፤ ጠዋት መመለሱን ግን አይርሱ።

ጥያቄ፦ ሎጊያ ነው የምሠራው። ሙቀቱ ከባድ ስለሆነ ቴርሞስታቱን አውጥተህ ጣለው ይሉኛል። ላውጣው?

መልስ፦ አታውጣው። ቴርሞስታቱ ሲሞቅ ሙሉ በሙሉ ይከፈታል፤ ጤነኛ ከሆነ ለአፋር ሙቀት እንቅፋት አይሆንም። በአንዳንድ ሞተር ላይ እንዲያውም ሲከፈት ወደ ሞተሩ የሚመለሰውን አቋራጭ መንገድ የሚዘጋው እሱ ነው። እሱ ከሌለ ከፊሉ ውሃ ራዲያተሩን ሳያይ ይመለሳልና ሙቀቱ ይብሳል። ጤንነቱን ከተጠራጠርክ አውጥተህ ድስት ውስጥ ውሃ ላይ አንጠልጥለው፣ ውሃውን እያሞቅህ በቴርሞሜትር ለካ። በተጻፈበት ዲግሪ አካባቢ መከፈት ይጀምራል። ካልተከፈተ አዲስ ገዝተህ በአዲስ ጓርኒሲዮን ግጠመው።